የጎጃም ሰማይና ምስክሮቹ

ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1763 ዓ.ም. ጥቅምት መገባደጃ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 4 ቀን 1770፣ ሰከላ ገብቶ ከግሽ ዓባይ ምንጭ ላይ ሲቆም ከነፍጡና ከገጸ በረከቱ ሌላ ኳድራንት የሚባለውን የማዕዘን መለኪያና ቴሌስኮፕ አስይዞ ነበር። ብሩስ ሲነሳ ዘወትር የሚወራው ምንጩን ቀድሜ ያየሁ አውሮፓዊ እኔ ነኝ ማለቱና ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ካህን ፔድሮ ፓኤዝ ግን ከእርሱ 152 ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1618፣ እዚያው መድረሱ ነው። እዚህ የምንፈልገው ሌላውን ሥራውን ነው። ብሩስ በግሽ ቆይታው ሰማዩን ለካ። ቦታው ከምድር ወገብ በስተሰሜን 10 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ ከ25 ሴኮንድ ላይ እንደሚገኝ አሰላ፤ ከጁፒተር ጨረቃዎች አንዷ በፕላኔቷ ጥላ ውስጥ የገባችበትን ቅጽበት ጠብቆም ኬንትሮሱን አወጣ። ኬክሮሱ ዛሬ በሳተላይት ከሚገኘው ልክ ጋር በእጅጉ ይቀራረባል፤ ኬንትሮሱ ወደ ምዕራብ ጥቂት ያጋድላል። ስሕተቱ ምን ያህል እንደሆነ ዛሬ መናገር የምንችለውም የለካውን ጽፎ ስለተወልን ነው።

ይኸው ብሩስ የጎንደር ነገሥታትን ዜና መዋዕል እየተከተለ በጻፈው ታሪክ ውስጥ በታላቁ ኢያሱ ዘመን ስለታየ አንድ ጅራታም ኮከብ ይተርካል። አካሉ እሳት የመሰለ፣ ጅራቱ እጅግ የረዘመ ነበር ይላል። ጎንደር ላይ መጀመሪያ የታየው ከሚካኤል በዓል ሁለት ቀን አስቀድሞ፣ ሠራዊቱ ለዘመቻ ሊነሳ ሲል ነው። ሕዝቡ ደነገጠ፤ ትንቢት ተናጋሪዎችም ተነሥተው ይህ ዘመቻ ብዙ ደም የሚፈስበት ነው እያሉ አስወሩ። በዚያው ንጉሥ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1689፣ ዣን ሪሾ የሚባል ፈረንሳዊ የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን በህንድ ፑዱቼሪ ሆኖ አንድ ጅራታም ኮከብ በቴሌስኮፕ ይከታተል ነበር። ኮከቡን እየተከታተለ ሳለ አልፋ ሴንታውሪ የምትባለው ደማቅ ኮከብ አንድ ሳትሆን ጥንድ መሆኗን ተመለከተ፤ ይህ ግኝቱ እስከ ዛሬ በሥነ ፈለክ ታሪክ ይጠቀሳል። የጎንደሩም የፑዱቼሪውም ሰው ቀና ብለው ያዩት ሰማይ አንድ ነው፤ የዓይናቸውም ጥራት አይበላለጥም። በብሩስ በኩል በደረሰን የጎንደር ትረካ ግን የኮከቡ መልክ፣ ቀኑና የሕዝቡ ድንጋጤ ሲኖሩ አቅጣጫውና ከአድማስ ያለው ከፍታ የሉም። በልዩነቱ ምክንያት ከአንዱ ምልከታ ዕውቀት ሲወጣ ከሌላው የወጣው ፍርሃት ነው።

ሰማይ ላይ እንግዳ ነገር አየሁ የሚል ሰው ብዙውን ጊዜ እውነቱን ነው። ብርሃን አይቷል፣ ብርሃኑም ነበረ። የሚሳተው ሦስት ነገር ላይ ነው፤ ርቀቱ ላይ፣ ትልቀቱ ላይና ስሙ ላይ። በጨለማ ሰማይ ላይ ያለ ብርሃን ምን ያህል እንደሚርቅ ዓይን ብቻውን ሊያውቅ አይችልም፤ ርቀቱ ካልታወቀ ትልቀቱም ፍጥነቱም አይታወቅም። እንግዲህ የሰማይን እንግዳ ነገር በሳይንስ መመርመር ማለት ባለጉዳዩን ሐሰተኛ ወይም ዕብድ ማለት አይደለም። የምስክሩን ቃል በሙሉ ክብር ተቀብሎ ዓይን ሊሰጥ የሚችለውን፣ ማለትም ሰዓቱን፣ አቅጣጫውን፣ ከፍታውንና የቆየበትን ጊዜ፣ ዓይን ሊሰጥ ከማይችለው መለየት ነው። የጎጃም ደጋ ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገውን ግማሽ ነገር ከጥንት ጀምሮ በእጁ ይዞት እንደኖረ፣ የጎደለውም ግማሽ ውድ እንዳልሆነ ማሳየት እፈልጋለሁ።

ዩፎ የሚለው ወሬ ዓለምን ያጥለቀለቀው ከሰኔ 17 ቀን 1939 ዓ.ም. ወዲህ ነው። በዚያ ቀን ኬኔት አርኖልድ የሚባል አሜሪካዊ አብራሪ በሬኒየር ተራራ አጠገብ ሲበር ዘጠኝ የሚያብረቀርቁ ነገሮች አየሁ አለ፤ ጋዜጦቹም «በራሪ ሳህን» የሚል ስም አወጡላቸው። የአሜሪካ አየር ኃይል እስከ 1969 እ.ኤ.አ. ድረስ ጥቆማ ሲሰበስብ ቆይቶ ብሉ ቡክ የተባለውን ፕሮጀክት ሲዘጋ መዝገቡ ላይ 12,618 ጉዳዮች ነበሩ። ከእነዚህ 701ዱ፣ ከመቶ ስድስት የማይሞሉት፣ ምንነታቸው ሳይለይ ቀረ። የቀሩት ኮከብ፣ ፕላኔት፣ አውሮፕላን፣ ባሉን፣ ተወርዋሪ ኮከብና የመሳሰሉት ነበሩ። ከዚያ በኋላ አለን ሄንድሪ የተባለ መርማሪ 1,307 ጥቆማዎችን አንድ በአንድ ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1979 መጽሐፍ አሳተመ፤ እርሱም ከአሥሩ ዘጠኙን ያህል መነሻቸውን አገኘ። ከቁጥሩ ይልቅ እኔን የሚያስገርመኝ በዝርዝሩ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ከቦታቸው ንቅንቅ ያላሉ ከዋክብትን ያዩ ሰዎች ኮከቡ ወዲያ ወዲህ እንዳለ፣ እንደተከተላቸው፣ እንደቀረበና እንደራቀ መስክረዋል። መዋሸታቸው አልነበረም። በጨለማ ውስጥ ብቻውን ያለ ነጥብ ብርሃን ላይ ዓይናችንን ስንተክል ዓይናችን ራሱ በጥቂቱ ስለሚንቀሳቀስ ብርሃኑ የሄደ ይመስለናል። ይህ በሊቅም በመሃይምም ላይ እኩል ይደርሳል።

አሁን ወደ ጎጃም እንምጣ። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ ጮቄ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ከደጀን አፋፍ ሥር ደግሞ የዓባይ በረሃ ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ይጠልቃል። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ አየሩ ታጥቦ ይጠራል፤ ከከተማ ወጣ ሲሉ ሌሊቱ ድቅድቅ ነው። እንዲህ ባለ አገር አመሻሽ ላይ ከዓባይ ማዶ ዝቅ ብላ የምትታየው ቬኑስ የምታስደንቀው በምክንያት ነው። ከፀሐይና ከጨረቃ ቀጥላ የሰማይ ደማቅ ብርሃን እርሷ ናት፤ በጣም በደመቀችበት ሰሞን ጨለማ ቦታ ላይ ጥላ እስከ መጣል ትደርሳለች። አድማስ አጠገብ ስትሆን ብርሃኗ ወፍራም አየር ሰንጥቆ ስለሚመጣ ይንቀጠቀጣል፤ አንዴ ቀይ፣ አንዴ አረንጓዴ ይሆናል። በመኪና የሚሄድ ሰው ተራራውና ዛፉ ወደኋላ ሲሸሹ እርሷ ከጎኑ ሳትለይ የምትሄድ ይመስለዋል። ገበሬው ንጋት ላይ ሲያያት አጥቢያ ኮከብ ብሎ ያውቃታል፤ በሬ ጠምዶ ሊወጣ ሲል በየዓመቱ የምትገናኘው ነገር ናትና አትገርመውም። የሚገርመው ያችው ኮከብ ወራቷን ጠብቃ በምሽት በኩል፣ ባልተጠበቀችበት ስትመጣ ነው። ቬኑስ ከፀሐይ ከ48 ዲግሪ በላይ አትርቅም፤ ስለዚህ ፀሐይ ከገባች ከሦስት ሰዓት ተኩል በኋላ አትኖርም። እኩለ ሌሊት ላይ አናት ላይ የታየ ብርሃን ቬኑስ ሊሆን አይችልም፤ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ በምዕራብ ቆሞ የታየ ብርሃን ሲሆን ግን መጀመሪያ መጠርጠር ያለባት እርሷ ናት። ሰዓቱና አቅጣጫው ብቻ ይህን ያህል ይፈርዳሉ።

የዓባይ በረሃ ራሱ ብርሃን ይፈጥራል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወርደውና የሚወጣው መንገድ ገደሉን እየተጠማዘዘ ነው የሚያልፈው። ሌሊት ከአንዱ አፋፍ ሆኖ ወደ ማዶ የሚያይ ሰው መንገዱ አይታየውም፣ የመኪናውም ድምፅ አይሰማውም። የሚታየው ከጥቁሩ ገደል መካከል ድንገት ቦግ የሚል ነጭ ብርሃን ነው። ጥቂት ቆሞ ያፈጣል፣ በዝግታ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ተሳቢው ኩርባውን ሲዞር ድርግም ይልና ከዚያ ዝቅ ብሎ ሌላ ቦታ ላይ እንደገና ይወጣል። ሸለቆው ውስጥ ጉም ከተኛ ብርሃኑ ይሰፋል፤ ከሰማይ ይሁን ከምድር አይለይም። አካባቢውን የማያውቅ መንገደኛ ይህን አይቶ ከበረሃው የሚወጣ ነገር አየሁ ቢል ማን ይፈርድበታል? በማግስቱ ጠዋት እዚያው ቆሞ ወደዚያው አቅጣጫ ቢያይ ግን የመንገዱ ጠርዝ ፊት ለፊት ይታየዋል። ያየበትን ቦታ በቀን ተመልሶ ማየት ከመርማሪ ሥራዎች ሁሉ ቀላሉ ነው፤ የሚዘነጋውም እርሱ ነው።

ተወርዋሪ ኮከብ ላይ የርቀት ስሕተቱ ከሁሉ ይገዝፋል። የአሸዋ ቅንጣት ወይም የጠጠር ያህል ነገር ከሕዋ መጥቶ ከ80 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይቃጠላል። ትልቅ ሲሆን ሌሊቱን ቀን ያስመስለዋል፤ ያየው ሁሉም «ከዚያ ጉብታ ጀርባ ወደቀ» ይላል። ቁጥሩን እንሥራው። ከደብረ ማርቆስ ሆኖ በደቡብ በኩል ከአድማስ 10 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብሎ የታየ፣ 90 ኪሎ ሜትር ላይ የሚቃጠል አካል ከተመልካቹ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ ማለትም ያለው በጋሞ ወይም በወላይታ ሰማይ ላይ ነው። ከጉብታው ጀርባ ያለው ጎረቤት ቢጠየቅ እርሱም ከእኔ ጉብታ ጀርባ ወደቀ ይላል፤ የቡሬውም የሞጣውም ሰው እንዲሁ። የሁሉም ምስክርነት እውነተኛ ነው፤ አንድ ላይ ሲቀመጥ ብቻ ነው ነገሩ የሚገለጠው። የሁለት ቦታ ሰዎች አቅጣጫውንና ከፍታውን ከተናገሩ መስመሮቹ የሚገናኙበት ቦታ ላይ ብርሃኑ ይገኛል። ለከፍታውም መሣሪያ አያስፈልግም። ክንድን ዘርግቶ ጭብጥ እጅን ወደ ሰማይ ሲያነሡ የጭብጡ ስፋት 10 ዲግሪ ያህል ነው፤ ሙሉ ጨረቃ ደግሞ የግማሽ ዲግሪ ስፋት አላት። «ከተራራው ጫፍ ሁለት ጭብጥ ከፍ ብሎ፣ ከጨረቃ አራት እጅ አንሶ» ብሎ የሚናገር እረኛ ለመርማሪ ከማንኛውም የደበዘዘ የስልክ ቪዲዮ የበለጠ ይጠቅማል።

ሰዓትና ቀን መጠበቅን በተመለከተ የጎጃም ሊቃውንት የሚማሩት ነገር የላቸውም። በደብረ ኤልያስም በዲማም በዋሸራም ያለፈ የአብነት ተማሪ ባሕረ ሐሳብን ያውቃል፤ አበቅቴና መጥቅዕ አውጥቶ ሠርቀ ወርኅን አስልቶ ሰማይ ሳያይ ጨረቃ ስንት ቀን እንደሆናት ይናገራል። ጨረቃ ስንት ቀን እንደሆናት የሚያውቅ ሰው በስንት ሰዓት ግድም እንደምትወጣም ያውቃል፤ እኩለ ሌሊት ላይ ከተራራ ጀርባ ቀይ ሆኖ ብቅ ያለ ግማሽ ክብ እሳት ምን እንደሆነ ማንም ሊነግረው አያስፈልግም። ሙሉ ቅጂው በግዕዝ ብቻ የቆየው መጽሐፈ ሄኖክ ፀሐይና ጨረቃ የሚወጡባቸውንና የሚገቡባቸውን ደጆች እየቆጠረ የብርሃናትን ሥርዓት ይዘረዝራል። ቀሳውስት በራሳቸው ጥላ ርዝመት፣ በጫማ እየለኩ፣ የቀኑን ሰዓት የሚያውቁባቸው ሠንጠረዦችም በግዕዝ መጻሕፍት ውስጥ አሉ። ኦቶ ኖይገባወር የተባለው የሥነ ፈለክ ታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፉ ይህን ሁሉ መርምሮታል። የዚህ ትምህርት መሠረቱ የሰማይ ነገር ሥርዓት አለው፣ ሥርዓቱም ይቆጠራል የሚል ነው፤ የሳይንሱም መነሻ ከዚህ የተለየ አይደለም። የጎደለው በባሕረ ሐሳብ የሚያሰላው ሰውና በሌሊት ሜዳ ላይ ሆኖ ያየው ሰው የሚገናኙበት ልማድ ነው።

ሲገናኙ ምን እንደሚሆን ለማየት ከዓባይ በታች፣ ከጎረቤታችን ከሱዳን የበለጠ ምሳሌ የለም። በመስከረም 2001 ዓ.ም. የሰማይ ተመልካቾች ወደ ምድር የምትመጣ አንዲት ትንሽ አስትሮይድ ከመድረሷ 20 ሰዓት ያህል አስቀድመው አገኙ፤ 2008 ቲሲ3 የሚል ስም ሰጧት። መስከረም 27 ሊነጋጋ ሲል በኑቢያ በረሃ ሰማይ ላይ፣ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ፈነዳች። ስሌቱ የት አካባቢ እንደሆነ ቢያመለክትም ስብርባሪው ያለበትን ቦታ ለማጥበብ ያየ ሰው አስፈለገ። የካርቱም ዩኒቨርሲቲው ሙአዊያ ሻዳድና የውጭ ባልደረባው ፒተር ጄኒስከንስ በባቡር ጣቢያዎችና በመንደሮች ያሉ ሰዎችን ብርሃኑ በየት በኩል እንደታየ እየጠየቁ ሄዱ፤ ቀጥለው ተማሪዎችን አሰልፈው በረሃውን አስፈተሹ። በመቶ የሚቆጠር ጥቁር ድንጋይ ተለቀመ። ስሙም በአቅራቢያው ባለው ጣቢያ አልማሐታ ሲታ፣ ስድስተኛ ጣቢያ፣ ተባለ። ከመውደቁ በፊት በሕዋ ላይ የታየ አካል ስብርባሪ በእጅ ሲገባ ያ የመጀመሪያው ነበር። በዚህ ሥራ ውስጥ የበረሃው ሰው ምስክርነት ከቴሌስኮፑ ጎን ለጎን ቆሟል።

ነገር ግን ሊቃውንቱ ራሳቸው ተሳስተው ያውቃሉ የሚል ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞው እውነት ስላለው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1768 ፈረንሳይ ሉሴ ላይ ድንጋይ ከሰማይ ወደቀ ብለው ገበሬዎች ሲናገሩ ኬሚስቱ ላቮዝየ ያለበት የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ቡድን መርምሮ ከሰማይ የመጣ አይደለም፣ መብረቅ የመታው ተራ ድንጋይ ነው አለ። ገበሬዎቹ ትክክል ነበሩ። እንግዲያው ዛሬም ከሌላ ዓለም መንኮራኩር መጣ የሚሉትን ሳይንስ የሚክደው በዚያው ትዕቢት አይደለምን? መልሱ ያ ስሕተት በታረመበት መንገድ ውስጥ ይገኛል። ጀርመናዊው ፊዚሲስት ኤርነስት ክላድኒ እ.ኤ.አ. በ1794 የቆዩ ምስክርነቶችን ሰብስቦ አመሳከረ። ኤፕሪል 26 ቀን 1803 ለግል በምትባል የኖርማንዲ ከተማ ላይ 3,000 ያህል ድንጋይ ሲዘንብ ወጣቱ ሳይንቲስት ዣን ባፕቲስት ቢዮ ሊመረምር ተላከ። ቢዮ ከመንደር መንደር እየዞረ ቄሱንም ገበሬውንም ለየብቻ ጠየቀ፣ ድንጋዩ የወደቀባቸውን ቦታዎች በካርታ ላይ አሰፈረ፣ ድንጋዮቹም በአካባቢው ከሚገኘው ድንጋይ እንደሚለዩ አሳየ። ገበሬው የተረታው ሳይጠየቅ ሲቀር ነው፤ ያሸነፈው በሥርዓት ሲጠየቅ ነው። በራሪ ሳህኖችም በዚሁ ሚዛን ተመዝነዋል። የአሜሪካው ናሳ ያቋቋመው ገለልተኛ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ከሌላ ዓለም ስለመምጣታቸው ማስረጃ እንዳላገኘ፣ ዋናው ችግር የመረጃው ጥራት እንደሆነ ገልጿል። ለግል ላይ ሊቃውንቱን ያሳመናቸው በእጅ የሚያዝ ድንጋይ ነበር፤ ከ1939 ዓ.ም. ወዲህ ባለው ዘመን ግን እንዲህ በእጅ የሚያዝ አንዳች ስባሪ አልቀረበም።

የተማረና የሠለጠነ ሰው፣ አብራሪ ወይም መኮንን፣ እንዴት ኮከብን ከመንኮራኩር ይሳሳታል ይባላል። የብሉ ቡክ የሥነ ፈለክ አማካሪ የነበረው አለን ሃይኔክ ዩፎን ከመጠራጠር ተነሥቶ በኋላ በቁም ነገር ሊጠና ይገባዋል እስከ ማለት የደረሰ ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን አብራሪዎችን ከሌላው ሕዝብ የተሻሉ ምስክሮች ሆነው አላገኛቸውም። አብራሪ የሠለጠነው ከፊቱ ካለ ነገር ጋር ላለመጋጨት ነውና ብርሃን ሲያይ ቅርብ አድርጎ ቢገምት ግዴታው ነው። በውጭ አገር የዩፎ መጻሕፍት ውስጥ ያኔ የኢትዮጵያ ግዛት በነበረችው ኤርትራ፣ አሥመራ አቅራቢያ ሳላዳሬ በተባለች መንደር በነሐሴ 1962 ዓ.ም. ደረሰ የሚባል ታሪክ አለ። ቀይ ኳስ መጣ፣ ዝቅ ብሎ እንደሚበር አውሮፕላን ጮኸ፣ ቤቶችን አፈረሰ፣ ዛፍ ነቀለ፣ ሣር አቃጠለ ይላል ትረካው። ቤት መፍረሱንና ዛፍ መነቀሉን ብቻ ላየ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ ይመስላል፤ ቀይነቱና ማቃጠሉ ደግሞ ወደ መብረቅ ይስባል። እኔ ፍርድ አልሰጥም። ፍርድ የማይሰጥበት ምክንያት ግን ምሥጢሩ ስለረቀቀ አይደለም፤ ነገሩ የተጓዘበት መስመር፣ የፈራረሱት ቤቶች አቀማመጥና የተቃጠለው አፈር ያኔውኑ ተለክቶ የተተወ መዝገብ በእጃችን ስለሌለ ነው።

ያልተፈታው ትርፍራፊስ? ከመቶ ስድስት ያህሉ ሳይለይ ከቀረ እዚያ ውስጥ አንድ እውነተኛ እንግዳ ነገር አይኖርም ወይ? ሊኖር ይችላል። ሊኖር መቻሉ ግን መንኮራኩር ነው ለማለት አያበቃም፤ ብዙ ጊዜ ያልተፈታው ጉዳይ መረጃው የጎደለው ጉዳይ ነው። የኳስ መብረቅ ታሪክ ይህን በደንብ ያስረዳል። የኢትዮጵያ ደጋ ነጎድጓድ የሚበዛበት አገር ነው። ከ1830ዎቹ ማብቂያ እስከ 1848 እ.ኤ.አ. በአገራችን የቆየውና በጎጃም በኩል ዓባይን ተሻግሮ ወደ እናርያ የሄደው ፈረንሳዊው ተጓዥ አንቷን ዳባዲ በቴዎዶላይት አገሩን ከመለካቱ ሌላ የሰማውን ነጎድጓድ ሁሉ እየመዘገበ በኢትዮጵያ ነጎድጓድ ላይ ራሱን የቻለ ጥናት አሳትሟል። በነጎድጓድ ጊዜ የእሳት ኳስ መሬት ለመሬት ሲንከባለል፣ ቤት ገብቶ ሲወጣ አየን የሚሉ ሰዎች በዓለም ሁሉ ነበሩ፤ ሊቃውንት ለረጅም ጊዜ ሲጠራጠሩት ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ2012 የላንዡ ተመራማሪዎች ቻይና ውስጥ ተራ መብረቅ ሊቀርጹ የተከሉት መሣሪያ በአጋጣሚ አንድ ኳስ መብረቅ ያዘ። ብርሃኑን ሲተነትኑ ሲሊከን፣ ብረትና ካልሲየም አገኙ፤ እነዚህ የአፈር ንጥረ ነገሮች ናቸው። አመጣጡ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተፈታም። ያም ሆኖ ከትርፍራፊው ውስጥ አንድ እውነተኛ እንግዳ ነገር ሲወጣ ምድራዊ ሆኖ ወጣ፤ ምስክሮቹም ተከበሩ።

ሰማዩ ራሱ ከመስከረም 24 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ ስፑትኒክ ከተወነጨፈች ወዲህ፣ ተለውጧል። ቀድሞ ቀስ ብሎ የሚሄድ ኮከብ አልነበረም፤ ዛሬ ከመሸ በኋላና ከመንጋቱ በፊት ባለው አንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ከጮቄ ግርጌ ቀና ያለ ሰው ሳተላይት ሳያይ አይቀርም። ኢትዮጵያም ከታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የራሷን ወደዚያ ልካለች። በግንቦት 2011 ዓ.ም. 60 የስታርሊንክ ሳተላይቶች በአንድ ጊዜ ከተወነጨፉ ወዲህ ደግሞ በአንድ መስመር ተሰልፈው የሚሄዱ ብርሃናት መጡ፤ ይህን ሳያውቅ ያየ ሰው ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ወድቆ የሚቃጠለውም በዝቷል። ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም. ኬንያ ውስጥ ሙኩኩ በምትባል መንደር 500 ኪሎ ግራም የሚመዝን የብረት ቀለበት ወደቀ። በቀጣዩ ወር መግቢያ በደቡብ ኢትዮጵያ ሰማይ ላይ እየነደዱ ያለፉ ነገሮች ታይተው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲ የሕዋ ፍርስራሽ ወይም ከሕዋ የመጣ አለት ሊሆኑ እንደሚችሉ አስታወቀ። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ የሚለየው በዋናነት የቆየበት ጊዜ ነው። ተወርዋሪ ኮከብ በሴኮንድ ከ11 እስከ 72 ኪሎ ሜትር ስለሚከንፍ በጥቂት ሴኮንዶች ያልቃል፤ ከምሕዋሩ የወደቀ ፍርስራሽ ግን በሴኮንድ 8 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ፣ እየተሰነጣጠቀ አንድ ደቂቃም ሊቆይ ይችላል። ያየው ሰው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እያለ ቢቆጥር ግማሹ ምርመራ አለቀ።

በጎጃም ይህ ጉዳይ የሥራ ፈት ጨዋታ አይደለም። በአምስቱ የወረራ ዓመታት የኢጣሊያ አውሮፕላን መንደሮችን ሲደበድብ ሰማይ ሞት የሚመጣበት ሆነ። በእኛ ዘመን ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ የድሮን ጥቃት በጎጃም ሰላማዊ ሰዎችን ሳይቀር ገድሏል። ሌሊት ብርሃን አይቶ ልጆቹን ይዞ የሚወጣን ሰው «ኮከብ ነው» ብሎ መሳቅ ነውር ነው። ፍርሃቱ ምክንያት አለው። እንዲያውም ለዚህ ሰው ነው ዕውቀቱ ከሁሉ አብልጦ የሚገባው፤ በየምሽቱ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ቦታ፣ ያለ ድምፅ የምትቆመው ቬኑስ እንቅልፍ እንዳትነሣው።

የሃይማኖት ሰዎች የሚያነሡት ጥያቄ የመጨረሻው ነው፤ ለእኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው እርሱ ነው። የሰማይን ምልክት ሁሉ በተራ ምክንያት ከፈታችሁት እግዚአብሔር የሚናገርበትን መንገድ አትዘጉምን ይላሉ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ራሱ ግን ሁለቱን ይለያል፤ ባሕረ ሐሳብ በጉባኤ ይማሩታል፣ በዐውደ ነገሥት ዕድል መቁጠርን ግን ቤተ ክርስቲያን ታወግዛለች። በኢያሱ ዘመን ኮከቡን አይቶ ደም ይፈሳል ብሎ ያስወራው ትንቢት ተናጋሪ እንጂ ጾምና በዓል የሚያወጣው ሊቅ አልነበረም። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ፀሐይ በላሊበላ የእሳት ቀለበት ስትሆን፣ በጎጃምም አብዛኛው አካሏ ሲሸፈን፣ ሰዓቱ ከብዙ ዓመት በፊት በደቂቃ ታውቆ ነበር። ያን ቀን ቀና ብሎ ያየ ምእመን አስቀድሞ በማወቁ መደነቁ የቀነሰበት አይመስለኝም።

ምስክርነትን ሰብስቦ የማመሳከሩ ሥራ ለምድሩ ነገር አንድ ጊዜ ተሠርቷል። ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዊን በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪን አቋቁመው ሲመሩ ቆይተው እ.ኤ.አ. በ1979 የኢትዮጵያንና የአፍሪካ ቀንድን የመሬት መንቀጥቀጥ ታሪክ አሳተሙ። ዜና መዋዕሉን፣ የተጓዦችን ማስታወሻና የዓይን ምስክሮችን ቃል ሰብስበው፣ አንዱን ከሌላው አመሳክረው፣ የትኛው እርግጥ፣ የትኛው አጠራጣሪ እንደሆነ ለዩ። ዛሬ መሐንዲስ ግድብና ሕንፃ ሲያስብ የጥንቱን ጸሐፊ ቃል በእርሳቸው በኩል ያገኘዋል። ለሰማዩም ተመሳሳይ መዝገብ ይገባዋል፣ ጎጃምም ለመጀመር የሚያስፈልገው አለው። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ከተቋቋመ ቆይቷል፤ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በቅኔ ቤቱ በዋሸራ ስም የተጠራ የጂኦስፔስና ራዳር ቤተ ሙከራ አለ፤ እንጦጦ ላይም ሁለት ባለ አንድ ሜትር ቴሌስኮፖች ተተክለዋል። መዝገቡ የሚጠይቀው ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ አቅጣጫ፣ ከፍታ በጭብጥ፣ የቆየበት ጊዜ፣ ድምፅ መኖር አለመኖሩና የምስክሩ ቃል እንደ ወረደ ነው። ለመለማመጃ የሚሆን ሌሊትም በየዓመቱ አለ። ታኅሣሥ 4 እና 5 ላይ ጀሚኒድ የሚባሉት ተወርዋሪ ኮከቦች ይበዛሉ፤ ጨረቃ በሌለችበት ዓመት ከጨለማ ቦታ በሰዓት መቶ ያህል ሊታዩ ይችላሉ፤ በዚያ ወር ደግሞ የጎጃም ደጋ ሰማይ ጥርት ያለ ነው። አንዱ ተማሪ ደብረ ማርቆስ፣ ሌላው ሞጣ፣ ሦስተኛው ቡሬ ላይ ወረቀትና ሰዓት ይዘው ከምሽቱ 3 ሰዓት ጀምረው ቢቀመጡ፣ በማግስቱ ደማቆቹን አመሳክረው ስንት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እንደተቃጠሉ ራሳቸው ሊያወጡ ይችላሉ።